ሰም እንጂ ሞራ አይደለም

ሥራ በጀመርኩበት ጠዋት የተሰጠኝ የመጀመሪያ ትእዛዝ «እጅሽን ንከሪ» የሚል ነበር። ያዘዘኝ አቶ ደሳለኝ ነው፤ የክፍላችን ኃላፊ፣ ፊዚዮቴራፒስት፣ ሲናገር ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው። ፊት ለፊቴ ባለ ክዳን የብረት ገንዳ በኤሌክትሪክ ተሰክቶ ተቀምጧል። ውስጡ እንደ ውሃ የጠራ ነገር አለ፤ አይተንም፣ አይፈላም፣ አይሸትም። ቴርሞሜትሩ ግን ከሃምሳ ዲግሪ በላይ ያሳያል። በዚያ ሙቀት ያለ ውሃ የሰውን ቆዳ ምን እንደሚያደርግ ስለማውቅ እጄን ከጀርባዬ ደበቅኩ።

አቶ ደሳለኝ አልተቆጣኝም። እጅጌውን ሰብስቦ የራሱን እጅ ነከረና አወጣው። ወዲያው ላዩ ላይ ነጭ ነገር ጋገረበት። «በሰው እጅ ላይ የምታደርጊውን ነገር መጀመሪያ በራስሽ እጅ ካላወቅሽው እዚህ ክፍል አትሠሪም» አለኝ። ምን አማራጭ አለኝ፣ ነከርኩ። አልፈጀኝም። ሞቅ ብሎ ጣቶቼን አንድ በአንድ ያዘኝ፤ ከጠዋት ጀምሮ ተኮማትሮ የነበረው ትከሻዬ ሳይቀር ለቀቅ አለ። ያን ዕለት ሥራውን ወደድኩት።

እኔ የአዘና ልጅ ነኝ። ዳንግላ የመጣሁት ለዚህ ሥራ ነው፤ ጡረታ እስከምወጣም ከዳንግላ አልወጣሁም። ማዕረጌ «የፊዚዮቴራፒ ረዳት» ነበር፤ ነርስ አይደለሁም። ታካሚው ግን ነጭ ጋውን የለበሰችን ሴት ሁሉ «ሲስተር» ነው የሚላት። መጀመሪያ አካባቢ «ሲስተር አይደለሁም» እያልኩ አርም ነበር፤ በኋላ ሰለቸኝና ተውኩት። የገበያ ሰው ደግሞ የራሱን ስም አወጣልኝ፤ «ሰሟ ሴትዮ» ይለኛል። ይኸኛውን አላረምኩትም።

ሰም ስል የንብ ሰም ማለቴ አይደለም። ፓራፊን ነው፤ ከሱቅ የምትገዙት ነጭ ሻማ የሚሠራበት። የሚወጣው ከድፍድፍ ነዳጅ ነው፤ ከላምባና ከናፍጣ ጋር የአንድ ቤት ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ለኛ ሥራ የሚመጣው እንደ ጡብ ጠፍጠፍ ያለ ነጭ ነገር ሆኖ ነው። ቶሎ እንዲቀልጥና ቆዳ እንዳያደርቅ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ የፓራፊን ዘይት እንጨምርበታለን። ይህ ዘይት በኋላ የሚመጣብኝን ጣጣ ሳያባብሰው አልቀረም።

ሰሙ እንዲያ ሞቆ ለምን እንደማይፈጅ አቶ ደሳለኝ ደጋግሞ አስረድቶኛል። ሰም ሙቀቱን እንደ ውሃ በአንዴ አይለቅም፤ ቆጠብ እያደረገ ነው የሚሰጠው። መጀመሪያ ቆዳ የነካው ስስ ሽፋን ወዲያው ይረጋና ለቀጣዩ መከላከያ ይሆናል። ስለዚህ እጅ ይነከራል፣ ይወጣል፣ ላዩ ደብዘዝ እስኪል ይጠበቃል፣ እንደገና ይነከራል። ሽፋኑ ሲወፍር በላስቲክ፣ ከላስቲኩ በላይ በፎጣ ይጠቀለላል። ሲፈታ ሰሙ እንደ ጓንት ሳይቀደድ ይወልቃል። ጓንቱን ከእጅ አንጓ ጀምሬ እስከ ጣት ጫፍ በአንድ ጊዜ ሳወልቅ የሚያየኝ ሰው ሁሉ ይደነቅ ነበር፤ እኔም፣ ለምን እዋሻለሁ፣ እየታየሁ መሆኑን ሳውቅ ትንሽ አሳምሬ ነበር የማወልቀው።

የሚከለከለውንም ማወቅ የሥራው ግማሽ ነው። ቁስል ያለው እጅ አይነከርም። ቀለበት ይወልቃል። እጅ ታጥቦ ፍጹም መድረቅ አለበት፤ አንዲት የውሃ ጠብታ ከቀረች ሰሙ ሥር ታምቃ ታቃጥላለች። ከሁሉም የሚብሰው የማይሰማ እጅ ነው። በሕመም ምክንያት ቆዳው የደነዘዘ ሰው ሙቀቱ ሲበዛ «ኧረ ፈጀኝ» አይልም። ስለዚህ ታካሚው ዓይኑን ይጨፍናል፤ እኔ በጥጥ ጫፍ ጣቱን እነካዋለሁ፤ የትኛው ጣት እንደተነካ ይነግረኛል። ከዚያ ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ብልቃጥ እንዲሁ አደርጋለሁ። ወረፋው ምንም ያህል ቢረዝም ይህን ዘልዬ አላውቅም። በዚያ ሁሉ ዘመን ከእኔ ገንዳ ተቃጥሎ የወጣ እጅ የለም፤ ይህን አፌን ሞልቼ እናገራለሁ።

አገሩ የማር አገር ስለሆነ ሰው ከኛ ሰም ይልቅ የራሱን ሰም ያከብራል። ከጥርባ የሚመጡ አንዲት እናት ክርናቸው ሲሻላቸው ለምስጋና አንድ ትልቅ የንብ ሰም ይዘውልኝ መጡ። «ይህን የሻማ ተረፍ ትተሽ እውነተኛውን ጨምሪበት» አሉኝ። ቅር እንዳይላቸው ብዬ ድስት ውስጥ ውሃ አሞቅኩና ከእሳቸው ሰምና ከኛው ፓራፊን ቁራጭ ቁራጭ አድርጌ ጨመርኩ። ሁለቱም ውሃው ላይ ተንሳፈፉ። የኛው ቀልጦ ተዘርግቶ ሲያበቃ የእሳቸው ሰም እንደ ድንጋይ ቁጭ ብሎ ነበር። የንብ ሰም የሚቀልጠው ሙቀቱ በጣም ሲጨምር ነው፤ እሱን በሚያቀልጥ ሙቀት እጅ ከነከርን ቆዳ ይላጣል። እናትየው አዩ፣ ገባቸው፣ ሰማቸውን ይዘው ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ሰጡት።

መብራት ሲጠፋ የሌላ ክፍል ሰው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ የኔ ገንዳ ግን ክዳኑ ከተገጠመ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። አንድ ጊዜ የጠፋው መብራት አልመጣ ሲል አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ልትረዳኝ ብላ ሰሙን በድስት አድርጋ ቀጥታ ከሰል ላይ ጣደችው። ጭሱ ሲወጣ ደረስኩ። ድስቱን አውርጄ ክዳን ገጠምኩበትና አስቀምጬ አስረዳኋት፤ ሰም የሚቀልጠው ድስቱ ሌላ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ ተቀምጦ ነው፤ እሳት ከያዘው ደግሞ ውሃ አይደፋበትም፣ ይከደናል እንጂ፤ ውሃ ከደፋሽበት ቤቱን ይዞት ይነሳል። ከዚያ ወዲያ እሷው ራሷ ለሌላው አስተማሪ ሆነች።

ንጹሕ ሆኖ የተረፈኝን ቁራጭ አልጥልም ነበር። የሚያንቀው መሳቢያ ጠርዙ ላይ ሲታሽበት ይንሸራተታል። የጃኬት ዚፕ አልሄድ ሲል እሱ ነው መድኃኒቱ። የካውያ ሆድ ሲሻክር ሞቆ እያለ በጨርቅ በተጠቀለለ ፓራፊን ይታሻል። ከክሊኒኩ በር ላይ ያለው ጫማ ሰፊ ክሩን በሱ እያሸ ይሰፋ ነበር፤ ውሃ እንዳይገባው። የእንጅባራ የቀርከሃ ወንበር ሠሪዎችም ለመጋዛቸው ይጠይቁኝ ነበር። ሰፈሬ ውስጥ የሚያንቅ በር ያለው ሰው መጀመሪያ የሚጠራው እኔን ነው፤ አናጢውን በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ ካወራሁ በኋላ ወደ አያ ቢተው ልምጣ። የሥራ ዘመኔን አንሺ ብባል የማነሳው እሳቸውን ነው።

አያ ቢተው ጋሪ ነጂ ነበሩ፤ በዕድሜ የገፉ፣ ቀጭን፣ ነገር የማያበዙ። ጋሪያቸው ተገልብጦ የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። ወጌሻ አሰረው፤ አጥንቱ ደህና ገጠመ። ማሰሪያው ግን ከሚገባው በላይ ቆየ መሰለኝ፣ ሲፈታ ጣቶቹ አልታጠፍ አሉ። እኛ ጋ ሲመጡ ቀኝ እጃቸው እንደ ሹካ ተዘርግቶ ነው። ልጓም መያዝ አይችሉም፤ ልጓም ያልያዘ ጋሪ ነጂ ደግሞ ምን ሊሆን ነው?

ዳማ ፈረሳቸውን ከውርንጭላነቱ ጀምረው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አገው ፈረስ ሲወድ ታውቃላችሁ። የሚስታቸው የእናና ወንድም ከብት ነጋዴ ስለሆነ ገዢ አግኝቶላቸው ነበር። ፈረሱንና ጋሪውን አንድ ላይ የሚወስድ ሰው ነው። አያ ቢተው እጃቸው እንደሚሻል ተስፋ አድርገው «እስከ ሆሳዕና ጠብቀኝ» አሉት። ገዢውም እሺ አለ። እንግዲህ እስከዚያ እጁ ካልታጠፈ ዳማው ይሄዳል፤ አያ ቢተውም ቤት ይውላሉ። ይህን የነገረችኝ እናና ናት፤ እሳቸው ከአፋቸው አይወጣም።

ሕክምናው ጥሩ ጀመረ። በሰም እናሞቃለን፣ አቶ ደሳለኝ መገጣጠሚያውን በእጁ ቀስ እያደረገ ያጥፋል። ከእጃቸው የወለቀው ሰም ገና ለብ እያለ ለእሳቸው እሰጣቸዋለሁ፤ እየጨመቁ ያድቦለቡሉታል። መጀመሪያ ላይ ሰሙ ላይ የጣታቸው ምልክት እንኳ አይቀርም ነበር። ጾሙ ሊገባ ሲል የአውራ ጣታቸውና የአመልካች ጣታቸው አሻራ መታየት ጀመረ። ፈገግ ሲሉ መጀመሪያ ያየሁት ይህን ባሳየኋቸው ጊዜ ነው።

ሁዳዴ ገባ፤ አያ ቢተው ቀሩ። ቀጠሮ አለፋቸው። ሌላም አለፋቸው። ቀጠሮ ያለፈው ታካሚ ቦታ ለሌላ ይሰጣል፤ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ሞልቷል። አቶ ደሳለኝ ግን ቦታቸውን ለማንም አልሰጠም። ጠርቶኝ ቁርጡን ነገረኝ። «መገጣጠሚያ እየለሰለሰ ሄዶ መሐል ላይ ከተተወ ተመልሶ ይደርቃል፤ ከበፊቱም ይብሳል። ከፋሲካ በኋላ ቢመጡ እኔ የምረዳቸው ነገር አይኖርም። ሰፈራቸውን ታውቂያለሽ?» አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። «እንግዲያው ሂጂ» አለኝ።

ከሥራ ስወጣ ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። ቤታቸው የከተማው ዳር ነው። ጋሪው ግቢ ውስጥ እንደተዘቀዘቀ ቆሟል፤ ዳማው ደግሞ ሥራ ፈትቶ ወፍሯል። አያ ቢተው ተነስተው ተቀበሉኝ፤ ወንበር አቀረቡ፤ የቤተሰቤን ደኅንነት አንድ በአንድ ጠየቁ። ለምን እንደቀሩ ስጠይቃቸው ግን ሥራ በዛብኝ አሉ። ጋሪው ፊታችን ቆሞ! እናና ዞር ብላ ነጠላዋን አስተካከለች። ባሏ እየዋሹ እንደሆነ ታውቃለች፤ ለምን እንደሚዋሹ ግን ለሷም አልነገሯትም።

ቋንቋ ቀየርኩ። አማርኛውን ትቼ በአገውኛ፣ አባቴን በማናግርበት ለዛ አናገርኳቸው። ሰው በትምህርት ቤትና በቢሮ ቋንቋ የማይናገረው ነገር አለ። እሳቸውም በአገውኛ መለሱልኝ።

«ልጄ፣ ቅር እንዳይልሽ። መልካም ሰዎች ናችሁ። እኔ ግን በሁዳዴ እጄን ሞራ ውስጥ ነክሬ አልውልም» አሉኝ።

ሞራ! የከብት ሞራ መስሏቸዋል። ሳቄ እስከ ጉሮሮዬ መጣ፤ እግዜር ይመስገን፣ ዋጥኩት። ዋጥ አድርጌ ሳስበው ደግሞ ሰውየው ምን አጠፉ? ነጭ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ይጋገራል፤ ሲሞቅ እንደ ዘይት ይጠራል፤ እጅ ላይ ያለው ዘይት ደግሞ ቅባት ቅባት ይላል። ሞራ ያቀለጠ ሰው ያየውን ነው ያዩት። እዚህ አገር በጾም ፀጉሩን ቅቤ የማይቀባ ሰው ስንት አለ? እጁን ሞራ ውስጥማ እንዴት ያስገባል? ከጾሙ በፊት ዝም ብለው ተነከሩ፤ ጾሙ ሲገባ ዝም ብለው ቀሩ። ምክንያቱን ያልነገሩን ሊያሳፍሩን ስላልፈለጉ ነው፤ ሃይማኖታቸውን ጠብቀው ፈረሳቸውን ሊሰጡ ቆርጠዋል። ይህ ሲገባኝ ሳቄ ጠፋ።

ከብት አልነካውም፣ ከነዳጅ የሚወጣ ነው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ነዳጅ ይሸታል፣ ይሄ አይሸትም አሉ።

በማግስቱ አንድ ቁራጭ ፓራፊን በፌስታል ይዤ ተመለስኩ። አያ ቢተው ቤት አንዲት ግራጫ ድመት አለች። ቁራጩን መሬት ላይ አስቀመጥኩላት። ቀረበች፣ አሸተተች፣ በእግሯ ገፋ አደረገችው፣ ጥላው ሄደች። ሞራ ቢሆን ድመት ትተወዋለች ወይ ብዬ በኩራት ቀና አልኩ።

አያ ቢተው ድመቷን በዓይናቸው ተከተሉና ፊታቸው ሳይፈታ «ከቄስ ቤት የመጣች ናት፤ እሷም ትጾማለች» አሉኝ።

እናና ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወደ ጓዳ ገባች። እኔም ሳቅኩ። ቢሆንም ነገሩ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ። በመጨረሻ ማን ቢነግራቸው እንደሚያምኑ ጠየቅኳቸው። ሳያመነቱ የንስሐ አባታቸውን የቄስ ሙጬን ስም ጠሩ። እሳቸው ያስገድፋል ካሉ ያስገድፋል፤ አያስገድፍም ካሉ አያስገድፍም።

ለአቶ ደሳለኝ ስነግረው አልሳቀም። ሰውየው ትክክል ናቸው አለ፤ ምን ውስጥ እንደሚነከሩ ሳይነገራቸው ማመን አልነበረባቸውም አለ። ቄሱ መጥተው በዓይናቸው ይዩት ብሎ እንድጠራቸው ላከኝ። እኔ ደግሞ ቄስ ሙጬን ፈርቻቸው ነበር። ኮስታራ ናቸው ይባላል። ለአንድ ገንዳ ሰም ብለው ክሊኒክ ይመጣሉ ብዬ አላሰብኩም። ቅዳሜ ከቅዳሴ መልስ ግን አያ ቢተውን አስከትለው መጡ። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ታካሚዎች ሁሉ ለመሳለም ተነሱ።

ቄስ ሙጬ የጠየቁኝን መቼም አልረሳውም። ከየት ይመጣል፣ ምን ይገባበታል፣ የከብት ነገር ምንም የለበትም ወይ እያሉ እንደ ፈተና አስቆሙኝ። የማውቀውን መለስኩ፤ የማላውቀውን አቶ ደሳለኝ መለሰ። ዘይቱ ያለበትን ብልቃጥ ከመድኃኒት ቤት እንደመጣ አሳየናቸው። አሸተቱት፣ በጣታቸው አሹት። ከዚያ «አንድዱት» አሉ።

ከጥጥ ክር ፈትዬ ቁራጭ ሰም ውስጥ አስገባሁና ለኮስኩት። ቄስ ሙጬ ጎንበስ ብለው ጭሱን ወደ አፍንጫቸው ሳቡ። ልጅ ሆነው ሞራ ሲነድ አይተዋል፤ ሥጋ ሥጋ የሚለው ሽታው አይደበቅም አሉ። ይሄ ግን ሻማ ነው አሉ። ቀና አሉና ወደ አያ ቢተው ዞሩ።

«መብራት ሲጠፋ ኩራዝህን ላምባ ትሞላለህ?»

«እሞላለሁ አባ።»

«ላምባው እጅህን ሲነካህ ጾምህን ፈታህ?»

«አይ አባ።»

«እንግዲህ ይህ የላምባ ወንድም ነው» አሉ። አያ ቢተው አንገታቸውን ደፉ፤ እግራቸው ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም። ቄስ ሙጬ ይህን አዩ። የያዙትን መስቀል ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩና ቀኝ እጅጌያቸውን ሰብስበው ወደኔ ዘረጉት። ጣቶቻቸው አንጓ አንጓቸው ላይ አብጠዋል፤ ለካ እሳቸውም ያማቸዋል።

በቄስ ደረጃ ሳይሆን በታካሚ ደረጃ ነው ያስተናገድኳቸው። ቁስል እንደሌለ አየሁ፣ በጥጥ ፈተንኩ፣ በብልቃጥ ፈተንኩ፣ አጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ መጀመሪያ የራሴን እጅ ነከርኩ። ከዚያ እጃቸውን ይዤ ነከርኩት። አንዴ፣ ሁለቴ ስነክራቸው ፊታቸው ተፈታ። ነጭ የለበሰውን እጃቸውን ለአያ ቢተው አነሱላቸው።

«በዚህ እጅ ነው ቅዳሴ የምገባ። ሞራ ቢሆን አልሰጠውም ነበር። ና ንከር» አሉ።

አያ ቢተው ነከሩ።

ከዚያ ቀን በኋላ ቀጠሮ አላለፋቸውም። እንዲያውም ከቀጠሮው ቀድመው ይደርሱ ጀመር። ሰሙን እናደርጋለን፣ አቶ ደሳለኝ ያጥፋል፣ እሳቸው ይጨምቃሉ። ያመለጣቸው ጊዜ ቢጎዳቸውም ሙሉ በሙሉ አልደረቀም ነበር። አንድ ልጓም አምጥተው ከመስኮቱ ብረት ላይ እንድናስር ለመኑን፤ አሰርንላቸው። ከሰሙ በኋላ መስኮቱን እንደ ፈረስ ሲስቡት የሌላ ክፍል ሠራተኛ ሁሉ እየመጣ ያይ ነበር። የሚጨምቁት ሰም ላይ ያለው አሻራ ከሁለት ጣት ወደ ሦስት፣ ከሦስት ወደ አራት ሄደ። ትንሿ ጣት ግን እምቢ አለች፤ እስከ መጨረሻውም ጥቂት ተዘርግታ ቀረች።

ቄስ ሙጬም ደንበኛ ሆኑ። እሳቸው ከመጡ ወዲህ በጾም ቀን የሚቀር ታካሚ አጣሁ። እኔም ከዚያ ወዲያ ማንኛውም አዲስ ታካሚ ሲመጣ ሳይጠይቀኝ ቁራጭ ሰም እለኩሳለሁ፤ ከምን እንደሚሠራ እነግረዋለሁ፤ ያሸተዋል፤ ከዚያ ነው የሚነክር። አቶ ደሳለኝ ይህን የክፍሉ ደንብ አደረገው። እኔ ከወጣሁ በኋላ የገባችው ረዳትም እንዲሁ እንደምታደርግ ሄጄ አይቻለሁ። በሥራዬ ከኮራሁባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

የሆሳዕና ዋዜማ ነበር። ሥራ ጨርሼ ስወጣ የክሊኒኩ በር ላይ ዳማው ቆሟል። አያ ቢተው ከጋሪው ላይ ናቸው፤ ካልሆነላቸው ሰው አይቶ እንዳያፍሩ ብለው ነው መሰለኝ ለማንም ሳይናገሩ ብቻቸውን አውጥተውት ነው። ገዢው በማግስቱ ይመጣል። «ጋሪው ላይ ውጪ፣ ቤትሽ ላድርስሽ» አሉኝ። ልጓሙ በግራ እጃቸው ነው፤ ቀኙ ጉልበታቸው ላይ ተቀምጧል። እምቢ አላልኩም፤ ወጣሁ።

ወደ ሰፈሬ የሚወስደው መንገድ ከአስፋልቱ ይሻገራል። ልንሻገር ስንል አንድ ሲኖትራክ ከጎናችን ጥሩምባውን ነፋው። ዳማው ወራት ቆሞ ስለከረመ ድምፁ አስደነገጠው። አንገቱን አነሳና ወደ አስፋልቱ ተፈናጠረ። እኔ የጋሪውን ጠርዝ ጨብጬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ስገልጠው ቆመናል። ልጓሙ በቀኝ እጃቸው ነው፤ አራቱ ጣቶች ዙሪያውን ጨምድደው ይዘውታል። ሲኖትራኩ አለፈን። አያ ቢተው እጃቸውን አዩ፤ ፈቱት፤ እንደገና ጨበጡት።

«ሰውየው ነገ ሲመጣ ባዶ እጁን ይመለሳል» አሉኝ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ፈረሱ መለሱ። ሲያለቅሱ እንዳላያቸው ነው። እኔ ግን አልደበቅኩም፤ እስከ ቤቴ ድረስ እያለቀስኩ ሄድኩ።

ዳማው አልተሸጠም። አያ ቢተው ሌሎች ብዙ ዓመታት ጋሪያቸውን ነዱ።

ለአዲስ ረዳቶች የምለው ይኸው ነው። ታካሚ ቀጠሮ ሲያልፈው ቤቱ ድረስ ሄዳችሁ ለምን እንደቀረ ጠይቁት። ምክንያቱን ሲነግራችሁ አትሳቁ።